ሳንባዬ ላይ ነጠብጣብ ታየ፣ ሦስት ወር ጠብቂ ተባልኩ

መምህርቷ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የእናንተን ሳነብ ነው የከረምኩት። ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን እኖራለሁ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ዓመት ግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ጨረር ተሰጠኝ። ጨረሩ ያለቀው ጥቅምት ላይ ነው። አሁን በየቀኑ ታሞክሲፌን የሚባለውን የጡት ካንሰር ኪኒን እወስዳለሁ። ፀጉሬ በቅሏል፣ ሥራ ገብቻለሁ፣ ሰዉም «እሰይ፣ ተገላገልሽ» ብሎኝ ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ ሳል ያዘኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እኔም ብርዱ ነው አልኩ። ደረቅ ሳል ነው፣ ማታ ጋደም ስል ይብስብኛል። ለክትትል ስሄድ ነገርኳቸው፣ ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ።

ውጤቱን ይዘን ስንገባ ታላቅ ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ሐኪሙ ሪፖርቱን አነበበና ቀና ብሎ ያየው እሱን ነው። «አንዴ ውጭ እናውራ» አለው። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ጠረጴዛው ላይ ፊልሙ ያለበት ትልቁ ፖስታ አለ፣ ስሜ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። የአባቴን ስም አንዷን ፊደል ስተዋታል። እሷን ሳይ ቆየሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የወንድሜ ጫማ ይታየኛል፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይላል። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ምንም የለም፣ ሳንባሽ ትንሽ ተቆጥቷል፣ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ትነሺያለሽ» አለኝ።

ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን ተቀበልኩት። እንግሊዝኛ አነባለሁ እኮ! ሁለቱም ሳንባ ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ ይላል፣ ትልቁ 6 ሚሊ ሜትር። ግራው ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የጡት ካንሰሩ ወደ ሳንባ ተሰራጭቶ ሊሆን ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ ይደገም ይላል። ነው አይልም። አይደለም አይልም። ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት፣ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

እናንተን የምጠይቀው ይሄን ነው። እነዚህ ነጠብጣቦች በእውነት ሌላ ነገር የመሆን ዕድል አላቸው ወይስ እያባበሉኝ ነው? ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰው እንዴት ይጠብቃል? ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ስፈልግ ያድራል ዓይኔ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የደረስነው መተንፈሻ አካላት ላይ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ሳንባ ሳልኩና ጠመኔው ግራው ላይ ቆመብኝ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ የግራው ለምን አነሰ?» አለችኝ። ለልብ ቦታ ስለሚለቅ ነው አልኳትና ቀጠልኩ። ግን ፊደሎቹን በደንብ መጻፍ አቅቶኝ ነበር።

ሌላው የልጄ ነገር ነው። ትልቋ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው የምትፈተነው። ልንገራት ወይስ ፈተናው እስኪያልፍ ልታገስ? ወንድሜና ባለቤቴ «እንዳትነግሪያት» ብለውኛል። እነሱ እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ እኔም የነሱ ልጅ የሆንኩ ነው የሚመስለኝ። ሐኪሙ ከእኔ ጋር እንዲያወራ እንዴት ላድርግ? ሰው ሳላስቀይም ማለቴ ነው።


ሲስተር ሰ.

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርሽ። የካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ሐኪምሽን የምተካ አይደለሁም፣ ግን ወረቀቱን እንዴት እንደምታነቢው ልንገርሽ።

ሪፖርቱን የሚጽፈው የራዲዮሎጂ ሐኪም አንቺን አላየሽም፣ ሳልሽንም አልሰማም። ፊት ለፊቱ ያለው ምስልና «የጡት ካንሰር የነበራት» የሚል ወረቀት ነው። ስለዚህ ያንን ዓረፍተ ነገር የግድ መጻፍ አለበት። ላታልልሽ አልፈልግም። የጡት ካንሰር ሲሰራጭ ከሚሄድባቸው ቦታዎች ሳንባ አንዱ ነው፣ ከአጥንት፣ ከጉበትና ከአንጎል ጋር። ሁለቱም ሳንባ ላይ ነጠብጣብ መታየቱ ቁም ነገር ነው፣ ክትትሉም ለዚያ ነው። ግን በእኛ አገር የስንቱ ሰው ሳንባ ላይ የድሮ ቲቢ ጠባሳ አለ መሰለሽ? ታምሞ የማያውቅ ሰው እንኳ ይገኝበታል። ያለፈ የሳንባ ምች ጠባሳ ይተዋል። ሳንባ ውስጥ ያለ ትንሽ ንፍፊትም በፊልም ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

የግራውን ጭጋግ ለብቻው እዪው። ጨረር የተሰጠሽ በግራ አይደል? ጨረር ጡት ላይ ሲሰጥ ከሥሩ ያለው ሳንባ ትንሽ ይደርሰዋል። ጨረሩ ካለቀ ከወር ጀምሮ እስከ ስድስት ወር ድረስ ባለው ጊዜ ያ ቦታ ሊቆጣ ይችላል። ምልክቱ ምን መሰለሽ፣ ደረቅ ሳል፣ ትንሽ ትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንዴ ቀለል ያለ ትኩሳት። ጥቅምት ላይ ከጨረስሽና ጥር ላይ ማሳል ከጀመርሽ ጊዜው ይገጥማል። ነው አልልሽም። ግን «ጭጋጉ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የጨረር ሐኪሞቹ የት እንዳረፈ የሚያሳየው ፕላን እጃቸው ላይ አለ።

ለምን ዛሬውኑ ናሙና አይወሰድም ትይ ይሆናል። 6 ሚሊ ሜትር ማለት ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። እሱን ሳንባ ውስጥ በመርፌ ማግኘት ከባድ ነው፣ ሳንባ ሲወጋ ደግሞ አየር ሊያፈስ ይችላል። ጠባሳ ባለበት ይቆያል፣ ካንሰር ያድጋል። ጊዜው ራሱ ምርመራ ነው። ድጋሚ ስትነሺ ከተቻለ እዚያው ቦታ ይሁን። ከቀዶ ሕክምናሽ በፊት የደረት ፊልም ወይም ሲቲ ተነስተሽ ከነበር ፈልገሽ አውጪው፣ ሲዲውንም ጭምር። ነጠብጣቦቹ ያኔም ኖረው ካላደጉ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ሦስቱን ወር የማትጠብቂባቸው ነገሮች አሉ። ደም ካሳለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ፣ ስትተነፍሺ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ወይም አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ ወዲያው ሂጂ። የመጨረሻውን የምልሽ ታሞክሲፌን የደም መርጋትን ስለሚያበረታታ ነው። እግር ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል።


ሳራ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የኔ እህት፣ ያለሁት አሜሪካ ነው ግን የደሴ ልጅ ነኝ። የእኔ የአንጀት ካንሰር ነበር። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ በክትትል ላይ ቀኝ ሳንባዬ ላይ አንድ ነጠብጣብ ተገኘ። እዚህ ፔት ስካን የሚሉት አለ፣ ካንሰር ያለበትን ቦታ እንዲያበራ ያደርጋል። አበራ። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ «ተሰራጭቷል ብለን እናስባለን» አለችኝ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ ባለቤቴ ሥራ ነው፣ አስተርጓሚው የማላውቀው ሰው፣ ድምፁ ከስፒከር ይመጣል። «ይቅርታ እህቴ» አለኝ በአማርኛ፣ ይሄን እሷ ሳትለው። አንቺ ተደበቀብሽ፣ እኔ ላይ ደግሞ እንደ ድንጋይ ወረደብኝ። ሁለቱም ያማል።

በኋላ ሌላ የሳንባ ሐኪም ጋ ተላኩ። እሱ የጠየቀኝ የት እንዳደግሁ ነው። ሕፃን ሆኜ ቤታችን ውስጥ አክስቴ ሳንባዋን ታማ እንደነበር ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ቲቢም እኮ ፔት ላይ ያበራል፣ የድሮው ቁስል እንኳ ሊያበራ ይችላል። ናሙና ወሰዱ፣ የቲቢ ጠባሳ ሆኖ ተገኘ። የአንቺም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ከእኔ ጋር ኬሞ የወሰደች ልጅ የእሷ ካንሰር ሆኖ ተገኝቷል። ግን ልጅ ሆነሽ ቤታችሁ ውስጥ ሲያስል የኖረ ሰው ከነበረ ለሐኪሙ ንገሪው። ካልነገርሽው አይጠይቅሽ ይሆናል።

ማታ ማታ ስልክ መፈለጉን በተመለከተ፣ እኔ ከእራት በኋላ ስልኬን ለእህቴ ሰጥቼ ነው የዳንኩት። እሷ ጓዳ ቻርጅ ላይ ታደርገዋለች። ጥያቄ ከመጣብኝ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። ጠዋት ሳነበው ግማሹ ጥያቄ እንኳ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። የቀረውን ለሐኪሙ ነው የምወስደው።


ጋሽ ተ. (አዳማ)

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና እንደ አንቺ የጡት ነበር። የእሷ ሳንባ ላይ መሆኑ በናሙና ተረጋገጠ። ይሄን የምጽፍልሽ ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም። ብዙ ሰው «ሳንባ ገባ» ሲባል የሚቀጥለው ድንኳን ይመስለዋል። እሷ ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ ኖራለች። አብዛኛውን ጊዜ ሱቋን ከፍታ፣ ጨርቅ ለክታ እየሸጠች። ትልቁን ልጃችንን የዳረችው ያኔ ነው፣ የድግሱን በርበሬ ራሷ ቆማ አስፈጭታለች።

ያስረዱን ነገር ይሄ ነው። ሳንባ ላይ ቢገኝም በሽታው የጡት ካንሰር ነው፣ የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። የእሷ ሆርሞን የሚመግበው ዓይነት ስለነበር ሲቀያየር የኖረው ኪኒን ነው፣ ኬሞ የመጣው ቆይቶ ነው። ናሙናው እንደገና የተመረመረው በጊዜ ብዛት ዓይነቱ ሊቀየር ስለሚችል ነው ብለውናል። ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም አሉን፣ ማቆየት ይቻላል አሉን። ያሉት ሆነ።

ሐኪሙ ከአንቺ ጋር እንዲያወራ ስላልሽው። እሷ ያደረገችውን ልንገርሽ። ከገባን በኋላ፣ ወረቀቱ ሳይከፈት፣ «ዶክተር፣ መርፌው የሚወጋው እኔን ነው፣ ወሬውም ለእኔ ይነገር። እሱ አብሮኝ ይስማ» አለችው። ሐኪሙ ወዲያው ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ሳይከፈት በፊት ነው መናገር ያለብሽ። ከተከፈተ በኋላ የሐኪሙ ዓይን ወደ ወንዱ ይሄዳል፣ ልማድ ነው። ለወንድምሽ ደግሞ ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ ንገሪው፣ ሰው ፊት አይሁን። እሱ የደበቀሽ ስለሚወድሽ ነው፣ ሲነገረው ይገባዋል።

ትንፋሽን በተመለከተ ከእሷ የተማርኩት፣ ለማንኛውም ይጠቅምሻል። ሲያጥራት ወንበር ላይ ትቀመጥና ጠረጴዛው ላይ ትራስ አድርጋ ወደ ፊት ደገፍ ትላለች። በአፍንጫ ታስገባለች፣ ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ በቀስታ ታስወጣለች። ፊቷ ላይ ማራገቢያ ሲነፍስባት ይቀላታል፣ ትንሿን የእጅ ማራገቢያ ከቦርሳዋ አትለይም ነበር። ቤት ውስጥ ከሰል ቀረ። ቡና ግን አልቀረም! ቡናውን በረንዳ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ጀመርን፣ ዕጣኑን ተውነው። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ ኋላ ለመዱት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ነበር። በጀርባዋ በኩል በመርፌ ሲቀዳላት እዚያው አልጋው ላይ እያለች ትንፋሿ ተመለሰ። መጨረሻ አካባቢ ሞርፊን ታዘዘላት። እኔ ፈርቼ ነበር፣ ሞርፊን ከተጀመረ አለቀ ሲባል ሰምቻለሁና። ለካ በትንሽ መጠን ሲሰጥ የትንፋሽ ማጠሩንም ያቀላል። የሚጠጣው ዓይነት ነው የተሰጣት፣ ብዙ ወራት ወስዳዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል አለ፣ ቤት ድረስ እየሄዱ ሕመምን የሚያስታግሱ ነርሶች አሉት። ጠይቁ። ሕመምን ማስታገስ ለሞት ብቻ የተቀመጠ ነገር አይደለም።


ወለተ ማርያም

እህቴ፣ አንብቤ አለቀስኩ። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ነን፣ ኪኒኑን ለጊዜው አቁሚና ሱባኤ ግቢ፣ ጸበል ተጠመቂ። እናቴ ሆዷን ታማ ሐኪም ያልቻለውን ጸበሉ ፈውሷታል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሦስት ወር ሰጥተውሻል አይደል? ለእግዚአብሔር ስጪው። እጸልይልሻለሁ።


ሲስተር ሰ.

ወለተ ማርያም፣ ጸሎትሽን እግዚአብሔር ይስማ። እኔም ጸበል እጠጣለሁ። ግን ኪኒኑን አቁሚ የሚለው ላይ ዝም ማለት አልችልም። ክፍላችን ውስጥ መድኃኒታቸውን ጥለው ሄደው በሽታው ከገፋ በኋላ የሚመለሱ እናቶች አያለሁ፣ ቀለል ብሎ ይታከም የነበረው ነገር ከባድ ሆኖ ይመጣል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ይሄው ክርክር ነበር፣ እንጦጦ ጸበል ላይ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለካንሰርም ያው ነው። ሁለቱንም ይዛ ትሂድ።

ጾሙን ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው፣ መምህር። ገና ከሕክምና የወጣ ሰውነት እንቁላልና ወተት ይፈልጋል። ለታመመ ሰው አባቶች ይፈቅዳሉ።


ሄለን 21

ቲቸር፣ እኔ የምመልስልዎ የልጅዎን ነገር ነው፣ ምክንያቱም ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። እናቴ የታመመችው 12ኛ ክፍል ሆኜ ነው። ማንም አልነገረኝም። ግን ቤት ውስጥ ሰው ስገባ ወሬ ሲቆም እሰማለሁ። አክስቴ ያለ ወትሮዋ ገንዘብ ትሰጠኛለች። እናቴ ቁርስ ላይ ዝም ብላ ታየኛለች። እኔ ልትሞት ነው ብዬ ደመደምኩ። ያኔ ገና ምርመራ ላይ ነበረች! ማጥናት ቀርቶ መተኛት አልቻልኩም። እናቴ የነገረችኝ አጎቴ ተሳስቶ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው። የዚያን ቀን ተቃቅፈን አለቀስን፣ ማታውን ግን ሒሳብ ሠራሁ። እውነቴን ነው።

ሁሉንም አይንገሯት። የሚያውቁትን ይንገሯት፣ ያልታወቀውን አልታወቀም ይበሏት፣ መቼ እንደሚታወቅም ይንገሯት። ከዚያ አዲስ ነገር ሲኖር ከእርስዎ አፍ እንደምትሰማ ቃል ይግቡላት። እኔን ያሳመመኝ በሽታው ሳይሆን ሹክሹክታው ነበር። እናቴ አለች፣ ደህና ናት።


መምህርቷ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ ወዲህ ቆየሁ፣ መልስ ስላልነበረኝ ነው። አሁን ትንሽ አለኝ።

ጋሽ ተ.፣ የባለቤትዎን ነፍስ ይማር። እርስዎ እንዳሉት ወንድሜን ቤት ጠርቼ ነገርኩት። ቡና እየጠጣን ነበር። «እኔ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ሳንባ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንተ ብቻህን እንድትሸከመው አልፈልግም» አልኩት። ስኒውን አስቀምጦ ፊቱን ሸፈነ። አባታችን ሲሞት እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። ሐኪሙ ምን እንዳለው ያኔ ነገረኝ፣ ወረቀቱ ላይ ካለው የበለጠ አንድም ነገር አልነበረውም። የነበረኝ ፍርሃት ግማሹ እኮ ያቺ ኮሪደር ውስጥ ምን ተባለ የሚል ነበር።

ልጄንም ነገርኳት፣ ሄለን እንዳለችኝ። ሳንባዬ ላይ ነጠብጣብ እንደታየ፣ ምን እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ ግንቦት ላይ ድጋሚ እንደምነሳ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ፈተና ስገባ የምትሸኚኝ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ውጤቱ ምንም ይሁን እሷን እስከ በሩ ለመሸኘት አቅም እንደሚኖረኝ ስላሰብኩ ነው ያልኳት፣ ለማባበል አይደለም። ባለቤቴ ተቆጥቶኝ ነበር፣ አሁን በርዷል። እሷ ደግሞ ጥያቄዎቼን በደብተር እየጻፈችልኝ ነው። አንዷ ጥያቄ የእሷ ናት፦ «ካንሰር ከሆነ መድኃኒቱ ምን ይሆናል?» ትላለች። እኔ ልጽፋት አልደፈርኩም ነበር።

ሳራ፣ ስለ ልጅነቴ ጠይቀሽኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። መንዝ ናት። አያቴ ብዙ ዓመት ሲያስሉ እንደኖሩና አንድ ክፍል ውስጥ እንደምንተኛ ነገረችኝ። ለእሷ ለምን እንደጠየቅኳት ገና አልነገርኳትም። እሷን በአካል ሄጄ ነው የምነግራት፣ በስልክ አይሆንልኝም፣ የፋሲካ ሰሞን እሄዳለሁ።

ወለተ ማርያም፣ አይክፋሽ። ጸበሌን እጠጣለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ። ጸሎትሽን አታቋርጪብኝ።

ስልኩን ከእራት በኋላ ለባለቤቴ እሰጣለሁ። መጠበቁ ቀለለ ልላችሁ አልችልም። ሳሌ ሲነሳ አሁንም ልቤ ይወርዳል። ግን ሌሊቱን መተኛት ጀምሬያለሁ፣ ክፍል ውስጥም መተንፈሻ አካላትን ጨርሰን ወደ ደም ዝውውር አልፈናል።

ሲስተር፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ስለ አያቴ ካወቅኩ በኋላ የቲቢ ምርመራ እዚሁ ደብረ ብርሃን ላድርግ ወይስ አዲስ አበባ ቀጠሮዬ እስኪደርስ ልጠብቅ?


ሲስተር ሰ.

አትጠብቂ፣ እዚያው አድርጊው። የመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ምርመራ በነፃ ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን አክታውን በሰዓታት ውስጥ ያነባል። ጠዋት ከእንቅልፍሽ ስትነሺ አፍሽን በውሃ ተጉመጥምጠሽ፣ ምራቅ ሳይሆን ከደረትሽ ያሳልሽውን ስጪ። ሳልሽ ደረቅ ስለሆነ አክታ እምቢ ካለሽ ንገሪያቸው፣ በጨው እንፋሎት የሚረዱበት መንገድ አለ። ቲቢ የለም ቢሉሽም የግንቦቱ ሲቲ አይቀርም፣ ምክንያቱም ምርመራው የድሮ ጠባሳን አያሳይም።

አሁን የምልሽን ደግሞ ደብተሩ ላይ አስጽፊያት። ቲቢ ከተገኘብሽና መድኃኒት ሊጀምሩልሽ ከሆነ ታሞክሲፌን እንደምትወስጂ ሳትነግሪያቸው አትውጪ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ታሞክሲፌንን ደምሽ ውስጥ በጣም ያሳንሰዋል፣ ስለዚህ የካንሰር ሐኪምሽ ቀድሞ ማወቅ አለበት። እንቅልፍ እምቢ ብሎሽ የጭንቀት መድኃኒት ቢታዘዝልሽም ያው ነው፣ ከእነሱ አንዳንዶቹ ታሞክሲፌንን ያደክማሉ። የኪኒኑን ፓኬት ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ሂጂና አሳዪያቸው። ውጤቱን ስታውቂ እዚህ ጻፊልን።